ኬሚካል ምህንድስናን በመጀመሪያ ዲግሪ መማር፦ ተማሪዎችና ወላጆች ከምርጫ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ይህ ገጽ በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ኬሚካል ምህንድስናን በመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር ለሚያስቡ ተማሪዎች፣ ለወላጆቻቸው እንዲሁም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምክር አገልግሎት ለሚሰጡ መምህራን የተዘጋጀ ነው። የሙያውን ምንነት፣ የትምህርቱን ሂደት፣ የመግቢያና የምደባ ሥርዓቱን፣ የወጪ መጋራትና የመውጫ ፈተና ግዴታዎችን እንዲሁም ከምረቃ በኋላ ያለውን የሥራ ዓለም በቅደም ተከተል ያብራራል።

የትምህርት ክፍል ምርጫ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ ለመለወጥ አስቸጋሪ የሆነ ውሳኔ ነው። ይሁንና በርካታ ተማሪዎች ይህን ክፍል የሚመርጡት ወይም የሚተዉት በስሙ ብቻ ነው። «ኬሚካል» የሚለውን ቃል ያዩ አንዳንዶች የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ቀጣይ ይመስላቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ኬሚስትሪ ስለሚከብዳቸው ብቻ ከምርጫቸው ያወጡታል። ሁለቱም ግምቶች ሙሉ አይደሉም። ትምህርቱ ኬሚስትሪን መነሻ ቢያደርግም አብዛኛው ሸክም የሚያርፈው በሒሳብና በፊዚክስ ላይ ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳ ተማሪ አምስት ዓመታቱን በዕቅድ ይመራል፤ ሳይረዳ የገባ ግን ብዙውን ጊዜ እውነታውን የሚያገኘው ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው።

ሙያው ምንድን ነው?

ኬሚካል ምህንድስና ጥሬ ዕቃን በሚፈለገው መጠንና ጥራት፣ በተመጣጣኝ ወጪና በደህንነት ወደ ጠቃሚ ምርት የሚለውጡ ሂደቶችን የመንደፍ፣ የማስኬድና የማሻሻል ሙያ ነው። ጥሬ ዕቃው ሸንኮራ አገዳ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ቆዳ፣ የቅባት እህል፣ የተፈጥሮ ጋዝ ወይም የወንዝ ውኃ ሊሆን ይችላል። ምርቱም እንደዚያው ስኳር፣ ሲሚንቶ፣ የለፋ ቆዳ፣ የምግብ ዘይት፣ ማዳበሪያ ወይም የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ይሆናል።

በኬሚስትና በኬሚካል መሐንዲስ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የማዳበሪያን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ከአየር ውስጥ 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ቢሆንም አዝርዕት በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማምረት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መሣሪያ አሳየ። ይህን ግኝት ወደ ፋብሪካ ማሸጋገር ግን ሌላ ሥራ ነበር። ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀትና ከ200 ከባቢ አየር ያላነሰ ግፊት ቀንና ሌሊት የሚቋቋም ዕቃ መሥራትን፣ ርካሽና ብዙ ጊዜ የሚቆይ ማፋጠኛ መፈለግን ይጠይቅ ነበር። ካርል ቦሽና ባልደረቦቹ ይህን ፈትተው እ.ኤ.አ. በ1913 በኦፓው የመጀመሪያውን ፋብሪካ ሥራ አስጀመሩ። የኢትዮጵያ አርሶ አደር ዛሬ የሚጠቀምበት ዩሪያ የሚመረተው በዚሁ መንገድ ከተገኘ አሞኒያ ነው። ሃበር የሠራው የኬሚስትን ሥራ ሲሆን፣ ቦሽ የፈታው ጥያቄ የኬሚካል ምህንድስና ጥያቄ ነው።

ሙያው ራሱን ችሎ መሰጠት የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1887 በማንቸስተር ተከታታይ ትምህርቶችን የሰጠ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጀመሪያውን የዲግሪ መርሐ ግብር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1915 አርተር ሊትል ማንኛውም የኬሚካል ፋብሪካ በጥቂት መሠረታዊ ተግባራት ማለትም በመፍጨት፣ በማጣራት፣ በማትነን፣ በማንጠርና በማድረቅ ሊገለጽ እንደሚችል አስረዳ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ የትምህርቱ አከርካሪ ነው።

እነዚህ ተግባራት ለኢትዮጵያዊ ተማሪ እንግዳ አይደሉም። አረቄ የምታወጣ እናት ድፍድፉን ጥዳ እንፋሎቱን በቱቦ አሳልፋ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ስታጠራቅም የምታከናውነው ማንጠርን ነው። አልኮል በባሕር ጠለል ላይ በ78 ዲግሪ፣ ውኃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚፈላ አልኮሉ ቀድሞ ይወጣል። ኬሚካል መሐንዲስ ይህንኑ ተግባር በቁጥር ይገልጸዋል፦ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ሊትር የማቀዝቀዣ ውኃ እንደሚፈስስ፣ የሚወጣው ምርት ምን ያህል ንጹሕ እንደሚሆን ያሰላል። በመጽሐፍ የሰፈረውን ቁጥር ከአካባቢው ጋር ማገናዘብም የሙያው ድርሻ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታ ላይ በመሆኗና የአየር ግፊቷ ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

መጠን ሲያድግ ምን ይለወጣል?

ተማሪዎች ሊረዱት የሚገባው ዋናው ቁም ነገር ትልቅ ፋብሪካ የትንሽ ቤተ ሙከራ ብዜት አለመሆኑ ነው። በቤት ውስጥ በጋን የሚጠመቅ ጠላ ሲፈላ የሚፈጥረው ሙቀት በጋኑ ግድግዳ በኩል ያለ ችግር ይወጣል። የዕቃው ቁመትና ስፋት በአሥር እጥፍ ቢያድግ ግን የሚይዘው ፈሳሽ በ1,000 እጥፍ ሲጨምር፣ ሙቀት የሚወጣበት የግድግዳ ስፋት የሚያድገው በ100 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊትር ፈሳሽ የሚደርሰው የማቀዝቀዣ ገጽ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የቢራ ፋብሪካ ጋኖች በዙሪያቸው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚዘዋወርባቸው በዚህ ምክንያት ነው። በብርጭቆ ውስጥ አደጋ የሌለው ውሕደት በትልቅ ጋን ውስጥ ከቁጥጥር ውጪ ሊሆን የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ፦ ከሸንኮራ አገዳ እስከ ስኳር

ዘመናዊ የስኳር ምርት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ነው። የስኳር ፋብሪካ የትምህርቱን ዋና ዋና ክፍሎች በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያሳይ በመሆኑ ለምሳሌነት ተመራጭ ነው።

ወደ ፋብሪካ ከሚገባ 100 ቶን አገዳ፣ እንደ አገዳው ጥራትና እንደ ፋብሪካው ብቃት፣ ወደ 10 ቶን ስኳር፣ ወደ 30 ቶን ባጋስ እና ከ3 እስከ 4 ቶን ሞላሰስ ይገኛል። ባጋስ አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። የቀረው የአገዳው ክብደት በአብዛኛው የሚተን ውኃ ነው። መሐንዲሱ የገባው ሁሉ የት እንደደረሰ መቁጠር አለበት፤ ይህ ስሌት የቁስ ሚዛን ይባላል። ሚዛኑ ካልገጠመ ወይ መለኪያው ተሳስቷል፣ ወይ ምርት የሚባክንበት ያልታወቀ ቦታ አለ።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት 100 ቶን የአገዳ ጭማቂ 15 በመቶ ጠጣር ነገር ይዞ ቢገባና ጠጣሩ 60 በመቶ እስኪሆን ድረስ እንዲወፍር ቢፈለግ፣ በጭማቂው ውስጥ ያለው ጠጣር 15 ቶን ነው። ይህ መጠን አይለወጥም። 15 ቶን የአንድ ነገር 60 በመቶ እንዲሆን ጠቅላላው 25 ቶን መሆን አለበት። ስለዚህ 75 ቶን ውኃ መትነን ይኖርበታል። ይህን ስሌት የተከተለ ተማሪ የሁለተኛውን ዓመት ዋና ኮርስ መንፈስ ጨብጧል ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የኃይል ጥያቄ ነው። በአንድ ጋን ብቻ ቢሠራ አንድ ቶን ውኃ ለማትነን ከአንድ ቶን ትንሽ የሚበልጥ እንፋሎት ያስፈልጋል፤ 75 ቶኑ ከ75 ቶን በላይ እንፋሎት ይፈጃል። የሉዊዚያና ተወላጅ የነበረው ኖርበርት ሪልዮ እ.ኤ.አ. በ1843 የፈጠራ ባለመብትነት ያገኘበት አሠራር ግን ከመጀመሪያው ጋን የወጣውን እንፋሎት ለሁለተኛው ማሞቂያነት፣ የሁለተኛውን ለሦስተኛው ይጠቀማል። ግፊቱ ከጋን ወደ ጋን ስለሚቀንስ ፈሳሹ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በአራት ተከታታይ ጋኖች አንድ ቶን እንፋሎት ከሦስት ቶን በላይ ውኃ ስለሚያተን ፍጆታው ከ25 ቶን በታች ይወርዳል። እንፋሎቱን የሚያመርቱት ቦይለሮች የሚነዱት በዚያው በባጋስ ነው፤ ሞላሰሱ ደግሞ እንደ ፊንጫና መተሐራ ባሉ ፋብሪካዎች ኢታኖል ለማምረት ውሏል።

በዚህ አንድ ምሳሌ ውስጥ የኬሚስትሪ ውሕደት የያዘው ቦታ አነስተኛ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሥራውን የሚገዙት ሚዛን፣ ሙቀት፣ ግፊትና ፍሰት ናቸው።

የትምህርቱ ሂደት በየዓመቱ

በኢትዮጵያ የኬሚካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። የኮርሶች ስምና ቅደም ተከተል በየተቋሙ ሊለያይ ቢችልም አጠቃላይ አካሄዱ እንደሚከተለው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ አመክንዮአዊ አስተሳሰብና ሌሎች የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። ወደ ምህንድስና የሚያመሩት ቀጥለው ተግባራዊ ሒሳብ፣ የምህንድስና ንድፍና የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍን የመሳሰሉ ለምህንድስና የሚያዘጋጁ ኮርሶችን ይማራሉ። የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚከናወነው ከዚህ ምዕራፍ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ዓመት መሠረት የሚጣልበት ነው። ኦርጋኒክ፣ ፊዚካልና ትንተናዊ ኬሚስትሪ የሚሰጡት በአብዛኛው በዚህ ወቅት ሲሆን፣ የቁስና የኃይል ሚዛን ኮርስም ይጀመራል። ይህ ኮርስ በቀጣዮቹ ዓመታት ለሚመጡት ሁሉ መነሻ ስለሆነ በደካማ ውጤት የታለፈ እንደሆነ ክፍተቱ እስከ አምስተኛው ዓመት ይከተላል።

ሦስተኛው ዓመት በተለምዶ ከባዱ እንደሆነ ይታወቃል። ቴርሞዳይናሚክስ፣ የፈሳሽ ፍሰት፣ የሙቀት ዝውውርና የቁስ ዝውውር የሚሰጡበት ነው። በእነዚህ ኮርሶች የሚሠራው በዲፈረንሻል ቀመሮች በመሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብን በቃል ያለፈ ተማሪ ይቸገራል።

አራተኛው ዓመት የሪአክተር ምህንድስናን፣ የሂደት ቁጥጥርን፣ የአካባቢ ጥበቃ ምህንድስናንና የኢንዱስትሪ ደህንነትን የሚይዝ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ የሚደረገው የተግባር ልምምድም በዚህ ዓመት ይካሄዳል።

አምስተኛው ዓመት ተማሪዎች ያገኙትን ዕውቀት አንድ ላይ የሚያውሉበት ነው። አንድን ፋብሪካ ከጥሬ ዕቃ ምርጫ እስከ መሣሪያዎች መጠንና የአዋጭነት ስሌት ድረስ በቡድን ይነድፋሉ፤ የመመረቂያ ጥናትም ያቀርባሉ። እንደየተቋሙ ስኳር፣ ቆዳ፣ ምግብ፣ ፖሊመር ወይም ወረቀትን የሚመለከቱ አማራጭ ኮርሶች ይኖራሉ።

ለመመረቅ ከሚያስፈልጉት መስፈርቶች አንዱ ቢያንስ 2.00 ድምር አማካይ ውጤት ማስመዝገብ ነው።

የተግባር ልምምድና ደህንነት

የተግባር ልምምድ እንደ ዕረፍት ጊዜ ሊታይ አይገባም። ተማሪዎች በዚህ ወቅት ከመደበኛ ሠራተኞች ጋር ተሰማርተው የፋብሪካውን ሂደት ይከታተላሉ፣ አንድ ችግር ለይተው መፍትሔ ያጠናሉ፣ ሪፖርትም ያቀርባሉ። የልምምድ ቦታ የሚመቻቸው በዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ክፍል ወይም በተማሪዎቹ ጥረት በመሆኑ፣ ተማሪዎች ከወዲሁ የሚፈልጉትን ዘርፍ ቢለዩ ይጠቀማሉ። በቀረበ ቦታ ሳይሆን የሚማሩትን በሚያዩበት ቦታ ልምምድ ማድረግ ይመከራል።

ደህንነት በዚህ ሙያ ተጨማሪ ርዕስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በሕንድ ቦፓል ከተማ ከነበረ የፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዛማ ጋዝ አምልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕይወት አልፏል። ውኃ ወደ ጋኑ ገብቶ ውሕደቱ ሲፋፋም ማቀዝቀዣው ተቋርጦ ነበር፤ ጋዙን ማምከን የነበረባቸው መሣሪያዎችም ተግባራቸውን አልተወጡም። በቤተ ሙከራ የመከላከያ መነጽርና ጓንት መልበስ፣ የኬሚካል መለያ ጽሑፍ ማንበብና ያልተፈቀደ ቅልቅል አለማድረግ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልማድ መሆን ያለባቸው ለዚህ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጥባቸው ተቋማት

ኬሚካል ምህንድስና ከሚሰጡ የመንግሥት ተቋማት መካከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንዲሁም በኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኙበታል። የባሕር ዳሩ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መነሻ የሆነው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ የሥልጠና ዘርፎቹ አንዱ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ነበር። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም መርሐ ግብሩን ስለሚሰጡ አመልካቾች የየዓመቱን የመርሐ ግብር ዝርዝር መመልከት ይኖርባቸዋል።

ተማሪዎች የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪን ወይም የተግባራዊ ኬሚስትሪን መርሐ ግብር ከኬሚካል ምህንድስና ጋር እንዳያምታቱ ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው። የፊተኞቹ በሳይንስ ዘርፍ የሚሰጡና የሚያስገኙትም የሳይንስ ዲግሪ ነው፤ የኋለኛው የምህንድስና ዲግሪ ያስገኛል። በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ይህ ልዩነት ወሳኝ ሊሆን ይችላል።

የመግቢያና የምደባ ሥርዓት

ወደ መርሐ ግብሩ ለመግባት በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዶ ለዘመኑ የተወሰነውን የመግቢያ ነጥብ ማሟላት ያስፈልጋል። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይፋ የሚደረግ በመሆኑ ያለፈውን ዓመት ነጥብ ይዞ መወሰን አይገባም። በቀጥታ ለመግባት የሚያስችለውን ውጤት ላላገኙና ለአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም የተቀመጠውን ነጥብ ላሟሉ ተማሪዎች በዚያ መንገድ የመቀጠል ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በትምህርት ሚኒስቴር ሥርዓት የሚከናወን ሲሆን፣ ከዚህ የተለየ አሠራር ያላቸው ተቋማት አሉ። ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን የሚቀበሉት በተለየ የመግቢያ ፈተና ነው። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እነዚህን ለሚመርጡ አመልካቾች የምዝገባ ጊዜው አጭር ስለሆነ ማስታወቂያዎችን በቅርበት መከታተል ያስፈልጋል።

ዩኒቨርሲቲ መግባት በራሱ ኬሚካል ምህንድስና መግባት ማለት አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የትምህርት ክፍል ድልድል የሚደረገው በተማሪው ምርጫ፣ ባስመዘገበው ውጤትና በክፍሉ የመቀበል አቅም ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ዝም ብሎ የሚታለፍ ሳይሆን የምርጫውን በር የሚከፍት ነው።

ለምዝገባ የሚሄዱ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት ማስረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ዋናውንና ቅጂውን እንዲሁም ጉርድ ፎቶግራፍ መያዝ ይጠበቅባቸዋል። በግቢ የሚኖሩ ተማሪዎች በተለምዶ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዘው ይመጣሉ። ዝርዝሩ በየተቋሙ የጥሪ ማስታወቂያ ላይ ይገለጻል።

ከመምረጥ በፊት ራስን መመዘኛ ጥያቄዎች

ተማሪዎች ከወላጆቻቸውና ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢመልሱ ውሳኔያቸው የተሻለ ይሆናል።

1. ረጅም የቃላት ጥያቄን ወደ ሒሳብ ቀመር መለወጥ ያስደስታል ወይስ ያሰለቻል? የትምህርቱ የዕለት ተዕለት ሥራ ይህ ነው።

2. በፊዚክስ ሙቀትን፣ ግፊትንና የፈሳሽ ፍሰትን የሚመለከቱ ምዕራፎች እንዴት ነበሩ? ከኬሚስትሪ ውጤት ይልቅ ይህ የወደፊቱን ያመለክታል።

3. ከከተማ ርቆ፣ በፈረቃ፣ አንዳንዴም በሌሊት መሥራት ይቻላል? ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የሚገኙት ጥሬ ዕቃው ባለበት ሲሆን ሥራቸውም ያለማቋረጥ የሚካሄድ ነው።

4. ክፍሉ የተመረጠው በጓደኛ ወይም በዘመድ ግፊት ነው ወይስ ይዘቱ ታውቆ? ከተመረጠ በኋላ ክፍል መቀየር በዩኒቨርሲቲው ደንብ የተገደበ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያመነታ ተማሪ ክፍሉን መተው አለበት ማለት አይደለም። ክፍተቱን በመጀመሪያው ዓመት ለመሙላት አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል ማለት ነው። ሴት ተማሪዎችም «የፋብሪካ ሥራ ለወንድ ነው» በሚል አመለካከት ከምርጫቸው ወደ ኋላ ማለት የለባቸውም፤ በሙያው ቤተ ሙከራ፣ ንድፍ፣ የጥራት ቁጥጥርና ምርምር የፋብሪካውን ወለል ያህል ቦታ አላቸው።

የወጪ መጋራትና የመውጫ ፈተና

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ተማሪዎች ለትምህርት፣ ለምግብና ለመኝታ ከሚወጣው ወጪ የተወሰነውን ለመጋራት ውል ይፈርማሉ። ክፍያው ከምረቃ በኋላ ተመራቂው ገቢ ሲያገኝ የሚፈጸም ነው። ውሉ በየዓመቱ የሚሞላና መጠኑ የሚደመር በመሆኑ፣ የምህንድስና ተማሪዎች ግዴታቸው የአምስት ዓመት መሆኑን ከግምት ማስገባት አለባቸው። የውሉን ቅጂ በእጅ ማቆየት ከምረቃ በኋላ ማስረጃ ሲጠየቅ መጉላላትን ያስቀራል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ሲሆን ፈተናው በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ያላለፉ ተማሪዎች እንደገና የመፈተን ዕድል አላቸው። ጥያቄዎቹ የሚውጣጡት ከዘርፉ ዋና ዋና ኮርሶች ስለሆነ የመጨረሻው ወር ጥናት ብቻውን በቂ አይሆንም። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻዎችን ሳይጥሉ ማቆየት፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻም ዋና ዋና ቀመሮችን አጠቃልሎ መጻፍ ይመከራል።

ከምረቃ በኋላ

ተመራቂዎች በስኳር፣ በሲሚንቶ፣ በቢራና ለስላሳ መጠጥ፣ በምግብ ዘይት፣ በሳሙና፣ በቆዳ፣ በጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ፣ በመድኃኒት፣ በውኃ ማጣሪያና በአካባቢ ጥበቃ ዘርፎች ሊሰማሩ ይችላሉ። ሥራው ምን ያህል ከዜጎች ሕይወት ጋር እንደተሳሰረ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ በአዳማ አቅራቢያ በአዋሽ መልካሳ ይገኛል። በዚያ ያለው ፋብሪካ ሰልፈሪክ አሲድና አሉሚኒየም ሰልፌት የሚያመርት ሲሆን፣ አሉሚኒየም ሰልፌት የድፍርስ ውኃ ዝቃጭ ተሰባስቦ እንዲዘቅጥ በማድረግ ለመጠጥ ውኃ ማጣሪያ ያገለግላል። ከቧንቧ የሚቀዳ ንጹሕ ውኃ ጀርባ የዚህ ሙያ ሥራ አለ።

የአካባቢ ጥበቃም እየሰፋ የሚሄድ መስክ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለመጠቀም የሚያስችል ሥርዓት ተዘርግቶለታል። እንዲህ ያለውን ሥርዓት መንደፍና ማስኬድ የኬሚካል መሐንዲስ ድርሻ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈራርሟል። ከሃበርና ከቦሽ የተጀመረው ሂደት በሀገር ውስጥ እንዲከናወን የሚያስችል ዕቅድ በመሆኑ ለሙያው ያለው ትርጉም ከፍተኛ ነው።

ይሁንና ዲግሪው በራሱ የሥራ ዋስትና እንዳልሆነ በግልጽ መታወቅ አለበት። ተመራቂዎችን የሚለየው በተግባር ልምምድ ያዩት፣ በንድፍ ሥራ ያዘጋጁትና በኮምፒዩተር የማስላት ችሎታቸው ነው። አነስተኛ ካፒታል በሚጠይቁ እንደ ሳሙና፣ ቀለምና የምግብ ማቀነባበሪያ ባሉ ሥራዎች በማኅበር ተደራጅቶ መሥራትም አማራጭ ነው።

በግልና በውጭ ሀገር ተቋማት ለሚማሩ

በግል ተቋም ለመማር የሚፈልጉ ተማሪዎች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ተቋሙ ለዚሁ መርሐ ግብር፣ በዚሁ ካምፓስና በዚሁ ደረጃ የዕውቅና ፈቃድ ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ አለባቸው። ተቋሙ በሌላ የትምህርት መስክ ዕውቅና ያለው መሆኑ ለኬሚካል ምህንድስና አያገለግልም።

በውጭ ሀገር የተገኘ ዲግሪ በኢትዮጵያ ለሥራም ሆነ ለተጨማሪ ትምህርት ሲቀርብ የአቻ ግምት ማስረጃ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህም የሚሰጠው በዚሁ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ በውጭ ሀገር የሚማሩ ዜጎች ትራንስክሪፕታቸውንና የኮርሶቻቸውን ዝርዝር መግለጫ ከመመለሳቸው በፊት አሟልተው ቢይዙ ይጠቀማሉ።

ተጨማሪ መረጃ የት ይገኛል?

የብሔራዊ ፈተና ውጤትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ የተቋማትን ዕውቅናና የአቻ ግምትን የሚመለከቱት ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የትምህርት ክፍል ድልድልን፣ የውጤትና የመኝታ ጉዳዮችን የሚመለከቱት ደግሞ ለየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራርና ለተማሪዎች አገልግሎት ይቀርባሉ። ስለ ኮርሶች ይዘት ማወቅ የሚፈልጉ ተማሪዎች ክፍሉን ከመምረጣቸው በፊት ወደ ኬሚካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ቢሮ ሄደው የኮርስ ዝርዝሩን መጠየቅና ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር መነጋገር ይችላሉ። የግማሽ ቀን ጥየቃ የአምስት ዓመት ውሳኔን በዕውቀት ላይ እንዲመሠረት ያደርጋል።